ከሜሮን በፊት የማይወረደው ደረጃ

ክሬተር፣ ዓደን
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሳዳጊዬ ለእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የድሬዳዋ ሙቀት ከእኛው ይሻላል ወይስ ያው ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቤትዎም ቆሟል። በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጀልበኛው ያህያ ዕቃውን ጭኖ ወደ ጅቡቲ የሚሻገርበትን ቀን ለማንም አይናገርም፤ ደብዳቤውን ይዤ ወደቡ ስደርስ ጥሎኝ ሄዶ አገኘዋለሁ። ልደውልልዎ አስቤ ነበር፤ «ስልክ ላይ መጮህ እንጂ መነጋገር አልችልም፣ ወረቀት ላኪልኝ» ያሉኝን አስታውሼ ተውኩት።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ሱቁ ተከፍቷል። አሁን ስሙ ሙስተውሰፍ ነው፤ እርስዎ ዲስፔንሰሪ ይሉት የነበረው ዓይነት፤ ነርሷም እኔው ነኝ። ጨርቅ የነበረበት መደርደሪያ ላይ መድኃኒት ተደርድሯል። ጨርቅ የሚቆርጡበት ትልቁ ጠረጴዛ የሕፃናት መመርመሪያ ሆኗል። ባለቤትዎ ጋሼ ኤርምያስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠርዙ ላይ ያስመቱት የነሐስ ዋር፣ የጨርቅ መለኪያው፣ አለ አይደል? ሐኪሟ ዱክቱራ ሃዲል ነቅላ ትጥለዋለች ብዬ ስሰጋ፣ በጎኑ ሴንቲሜትር ጻፈችበትና የሕፃናቱን ቁመት ትለካበት ጀመር። «ይሄ ዋር ከእኔ በፊት እዚህ ነበር» ነው ያለችኝ።

ማን ናት ላሉኝ፣ የዚሁ የክሬተር ልጅ ናት፤ አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ጥሩ ቦታ ነበራት። ግን ክሬተርን ያውቁታል፤ ከታይዝም ከሁደይዳም ጦርነቱ ያፈናቀለው ሰው ሁሉ እዚሁ ተጨናንቆ ገብቷል። በፉቁም በኩል በጀልባ የሚወርዱት የእኛ ልጆችም አሉ። ለአንድ ትኩሳት ጀበል ሐዲድን ዞሮ መሄድ ስለሚከብዳቸው፣ ሰዎቹ እሷ ጋ የሚደርሱት ነገሩ ካበቃ በኋላ ነው። «መጨረሻ ላይ መቀበል ሰለቸኝ፣ መጀመሪያቸው ላይ ልገኝ» ብላ ቦታዋን ትታ መጣች። የጤና መክተቡ፣ ቢሮው ማለቴ ነው፣ «ሠራተኛና መድኃኒት እንሰጣለን፣ ቤት ግን የለንም» ሲላት፣ ያኔ ነው «ሱቁ ለምን ባዶውን ይቀመጣል» የሚለው ደብዳቤዎ የደረሰኝ። ሳነብላት አለቀሰች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ሌላው የምሥራች፦ ያቺ ወደ ሳዑዲ ልትሻገር ስትል ታማ ሱቅዎ ደጃፍ የወደቀችው ጥላነሽ በጥቅምት ሴት ልጅ ወለደችልዎ። ባሏ ፈይሳ ከብየዳ ሥራው እየሮጠ መጥቶ እንደ ሕፃን ነበር የሚዘለው። ያው ከሙስተውሰፉ በላይ፣ እርስዎ በሰጧቸው የኋላ ክፍል ውስጥ ናቸው።

የእርስዎን ክፍል ማንም አልነካውም። ሃዲል «ለወላዶች ማረፊያ በሆነ» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ድሬዳዋ ነው ብያታለሁ። መቼ ነው የሚመጡት?

ልጅዎ ኑኃሚን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኑኃሚን፤

አለሁልሽ። ጉልበቴን አትጠይቂኝ፣ እሱ ራሱ ስለኔ አይጠይቅም። ያንቺን ደብዳቤ ግን ሔለን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው እንጂ እኔም አነበው ነበር። ሔለን ግቢው ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው መምህርት ናት፤ ደግ ልጅ ናት፣ ሻይዋ ግን ውኃ ነው። የዓደን ሻሂ በወተት እንዴት እንደሚፈላ ባሳያት ባሳያት አልገባት አለ።

ጥላነሽ ወለደች? እሰይ! እልል ብዬ ጎረቤት አስደነገጥኩ። ግን አንቺ ሴትዮ፣ ስለ ጠረጴዛና ስለ መደርደሪያ ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ስለ ልጅቱ አንድ መስመር? ማንን ትመስላለች? ጡቱን ትይዛለች? ጥላነሽን ደግሞ እንዳትቆጪያት። የመጀመሪያ ልጇ ሳይጠመቅ እጇ ላይ የቀረባት ሴት ናት። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ያኔ ለትምህርት ሙከላ ነበርሽ። በዚች ልጅ አንድ ነገር ቢመጣ ጥላነሽ አትተርፍም፤ ይሄን በልብሽ ያዢው።

ዋሩን በመተዋ ያቺን ሃዲልሽን አመስግኛታለሁ። በዚያ ዋር ስንቱን የሙሽራ ልብስ ለካሁበት መሰለሽ። ክፍሌን በተመለከተ ግን ንገሪያት፦ አይሆንም። ሱቁን ሰጥቻለሁ፣ ግቢውን፣ ሖሹንም ይውሰዱ። ክፍሌ የኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ፣ የምሞተውም አልጋዬ ላይ ነው።

በያህያ ሽሮና በርበሬ ልኬልሻለሁ። መንገድ ላይ እንዳይቀንስብሽ አፉን ሰፍቼዋለሁ፤ ሔለን ናት የሰፋችው፣ ያው ነው።

አክስትሽ ወለተ ጊዮርጊስ

ክሬተር
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረስዎ። ሽሮው ደረሰ፣ ስፌቱም አልተነካም። ሕፃኗ ፈይሳን ትመስላለች፣ ግንባሯ ሰፊ ነው፤ ጡቱን እንደ ኮንትራት ሠራተኛ ነው የምትይዘው። ይኸው፣ ከአንድ መስመር በላይ ሆነልዎ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ተናድጄ ነው፤ ይቅርታ። ሙስተውሰፉ ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል። የክሬተር እናቶች ሕፃኖቻቸውን ለተጥዒም፣ ለክትባቱ ማለቴ ነው፣ ታቅፈው ደረጃው ላይ ሳይቀር ይሰለፋሉ። ሃዲል ብልህ ናት፤ እዚህ አገር ወላድ አርባ ቀን ከቤት እንደማትወጣ ስለምታውቅ ቀጠሮውን ከአርባ በኋላ አደረገችው፤ እነሱም ሳያዛንፉ ይመጣሉ። የእኛዎቹ ግን! ሲወልዱ ሄጄ አያቸዋለሁ፣ ቀጠሮ ስሰጣቸው «እሺ እህቴ» ይሉኛል፣ በቀኑ ድራሻቸው ይጠፋል። አበዛሽ፣ በሱቆቹ በኩል ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ልጇ እየዳኸ ነው አሉ፤ አንድም ክትባት አልወሰደም። ባለፈው ሄጄ ጮኽኩባት። «ስንፍና ነው!» አልኳት። አንገቷን ደፍታ መስፋቷን ቀጠለች።

የሚብሰው ጥላነሽ ናት። ከሙስተውሰፉ በላይ ነው የምትኖረው፣ እትዬ! ሕፃኗ ስታለቅስ እታች መርፌ እየወጋሁ እሰማታለሁ። አንድ ደረጃ መውረድ ነው። አልወርድም አለች። ለምን ስላት በር ዘጋችብኝ። «ወገኖችሽ ምን ሆነው ነው?» ስትለኝ ሃዲል ፊት አፈርኩ። ስንቱን ነገር እየሠራች ያለች ሴት ናት። መብራት ሰጪው ማጡር ሲቆም የክትባቱ በረዶ እንዳይቀልጥ በራሷ መኪና ከዓሣ ነጋዴዎች በረዶ ታመላልሳለች። እኔ ግን የራሴን ሰዎች ማምጣት አቃተኝ።

ምን ላድርግ? እርስዎ ያውቋቸዋል። ደግሞ የእጅ ጽሑፍዎ ለምን ተለወጠ?

ኑኃሚን

ድሬዳዋ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑኃሚን፤

ድንቄም ነርስ! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ።

አንቺ ራስሽ በስንተኛ ቀንሽ ከቤት እንደወጣሽ ታውቂያለሽ? በሰማንያሽ፣ ቀሲስ ወልደ ሚካኤል ከጅቡቲ መጥተው፣ እዚያው ሳሎናችን ውስጥ አጥምቀውሽ፣ ክር አንገትሽ ላይ ታስሮ ነው ፀሐይ ያየሽው። ሕፃን ሳይጠመቅ ደጅ አይወጣም፣ የማንም ዓይን አያርፍበትም። ወንዱ አርባ፣ ሴቷ ሰማንያ። ይሄንን የማታውቅ የእኛ ሴት የለችም፤ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ግን በየመኖቹ አርባ ስትቆጥሪ ጠፋብሽ። የእነሱ አርባ በራሱ ጊዜ ያልቃል። የእኛ ግን ቄስ ካልመጣ አያልቅም። ቀሲስ ወልደ ሚካኤል ካረፉ ወዲህ ዓደን የረገጠ ቄስ አለ? የለም። እንግዲያ እነዚያ ሴቶች ሕፃናቱን ይዘው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ምን እየጠበቁ ይመስልሻል? ስንፍና አልሽው። አበዛሽን ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት፣ ሰምተሻል?

ስለ ጥላነሽ ልንገርሽ፣ ከዚህ በፊት ማውራት አልፈለግሁም ነበር። የመጀመሪያው ልጅ ሲታመም ሳይጠመቅ በታክሲ ሆስፒታል ይዘነው የሮጥነው እኔና እሷ ነን። ዘግይተን ነበር። መርፌ ወጉት፣ እዚያው ሞተ። በልቧ የቀረው ታዲያ «የሞተው ደጅ ስላወጣሁትና መርፌ ስለነካው ነው» የሚለው ነው። ሜሮን ያልነካው ገላ መርፌ አይነካውም ትላለች። በሽታው ነው የገደለው ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳት፣ አልሰማችኝም። አሁን በጩኸት አትምጪባት።

ደብዳቤሽ ሁሉ ሃዲል ሃዲል ነው፣ አክስትሽ የቀናች እንዳይመስልሽ። ትንሽ ቀንቻለሁ።

ስለ እጅ ጽሑፌ የጠየቅሽኝን፣ ሔለን የመምህርት ጽሑፍ ስላላት ነው የማስጽፋት። ሌላ ምክንያት የለውም።

ወለተ ጊዮርጊስ

ክሬተር
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

አበዛሽን ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔ ደግሞ የተማረ ሰው ቄስ የማያስፈልገው መስሎኝ ዝም አልኩሽ» አለችኝ። ተሳስቀን ተለያየን፤ ግን ቤት ገብቼ አላረፍኩም። እዚሁ ተወልጄ፣ በእርስዎ እጅ አድጌ፣ ይሄን እንዴት ረሳሁ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ሰነበትኩ።

ደብዳቤዎን ለሃዲል በዓረብኛ ተረጎምኩላት። «ድንቄም ነርስ» የሚለውን ሳልተረጉም ላልፈው ነበር፣ ሳቄ አሳበቀብኝ። ሰምታ ጨረሰችና ጭንቅላቷን ያዘች። «ኑኃሚን፣ እኛ ነን እንግዲህ የምንወጣው» አለች። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞርን ነው። ዘንድሮ ረመዳንና ዓቢይ ጾም ገጥመዋል፣ ሁለታችንም ጾመኞች ነን። የክትባቱን ሳጥን ተሸክማ የክሬተርን ደረጃ ስትወጣ አንድም ቀን «ደከመኝ» ስትል አልሰማኋትም። በር ላይ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ከዚያ እትዬ ቢያዩ፣ ዓይኗን ወደ መሬት ትሰብራለች። እናትየው ራሷ ሕፃኑን እስክትገልጥላት ፊቱን አታይም። ማንም አላስተማራትም፣ ከእርስዎ ደብዳቤ ነው ያወጣችው። ሴቶቹ ይሄን ሲያዩ ልባቸው ተፈታ። አበዛሽ የመጀመሪያዋ ናት፤ «በቤቴ ከሆነ፣ ክር ካሰርኩለት፣ ግድ የለም» አለች። ከዚያ ሌሎቹም። ስለዚህች ሴት ብዙ ባወራ አይፍረዱብኝ።

ጥላነሽ ግን አልከፈተችም። ፈይሳ ለመናት፣ ተለማመጣት፣ ወለል ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። «ቄስ አምጡልኝ፣ ራሴ አወርዳታለሁ» ነው መልሷ። በሼክ ዑስማን ሰፈር ኩፍኝ ገብቷል እየተባለ ነው፤ አልደበቅኋትም፣ ነገርኳት። ፊቷ ነጣ፤ ግን በሩን መልሳ ዘጋችው።

እትዬ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ባሕር የሚሻገር ቄስ ይገኝ ይሆን? እዚህ ለጸበልና ለማዕጠንት የሚሆን ሁሉ እናዘጋጃለን።

ጤንነትዎስ እንዴት ነው? ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ አይደል? አልጋዎን አናፍሼ ባስቀመጥኩት፣ ቁልፍ የለኝም እንጂ።

ኑኃሚን

ድሬዳዋ
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑኃሚን፤

በባጃጅ ከደብር ደብር ዞርኩ፤ ሔለን አብራኝ ነበረች። የመጀመሪያው ቄስ «የመን ጦርነት አለ» አሉኝ። የሁለተኛው ልጆች ብዙ ናቸው። ሦስተኛው ቀሲስ መክብብ ይባላሉ፣ ገና ወጣት ናቸው፣ ጢማቸው ራሱ በቅጡ አልሞላም። ነገሩን ጨርሰው ሰሙ። ከዚያ «ባሕር እፈራለሁ፣ ዋና አልችልም» አሉኝ። «አባቴ፣ በጀልባ እንጂ በዋና ማን ሂዱ አለዎት?» ብላቸው ሳቁ። የሳቀ ሰው እንደሚስማማ ያወቅኩት የጨርቅ ሱቅ ሳለሁ ነው። ከፋሲካ በኋላ ነው የሚመጡት፤ በሰሙነ ሕማማት ቄስ ከደብሩ አይነቀልም። ወረቀታቸውን ሃዲልሽ ትጨርስ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ከጀዋዛት፣ ከኢሚግሬሽኑ ቢሮ፣ ሰዎች ጋር መጨቃጨቅ አልችልም።

ያቺ ልጅ ዓይኗን ወደ መሬት መስበሯን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ሔለንን «አንብቢው እንደገና» አልኳት። ስንት ዓመት ዓደን ኖርኩ፤ ጎረቤቶቼ ደጎች ነበሩ፣ ተዋድደን ኖረናል። ነገር ግን ልማዳችንን ጠይቆ ለመማር ደረጃ የወጣ ሰው አላየሁም። ቅናቴን ትቻለሁ። ይሄንንም ተርጉሚላት።

ጥላነሽን በየቀኑ ጠይቂያት፣ ስለ መርፌ ግን አታንሺባት። ሽሮ ይዘሽላት ውጪ።

ስለ ጤንነቴ የጠየቅሽኝ፣ ምን ጤንነት አለ በዚህ ዕድሜ? ደህና ነኝ ብያለሁ። ስለ መምጣቴ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ወለተ ጊዮርጊስ

ክሬተር
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

አስቀድሜ የደበቅኩዎትን ልናገር። ኩፍኙ ክሬተር ገብቷል። ባለፈው መልእክት ስልክልዎ እኛ ሰፈር ደርሶ ነበር፤ እንዳይጨነቁ ብዬ ሼክ ዑስማን አልኩዎት እንጂ። ከጥላነሽ ግድግዳ ማዶ ያለችውን የጎረቤት ልጅ፣ ትንሿን ሻይማን፣ ያዛት። ቀንና ሌሊት ሳሏ በግድግዳው ይሰማል። ሃዲል እየተመላለሰች አክማት አሁን ተርፋለች፤ ያልተከተበው ታናሽ ወንድሟ ግን ዓይኑን ታሞ ተኝቷል።

ይሄን ሁሉ ጥላነሽ ትሰማለች። ልጇ ስድስት ወሯን ጨርሳለች፤ ወረርሽኝ ሲኖር ክትባቱን ለመስጠት የሚበቃ ዕድሜ ነው። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ ጨርቅ ወትፋ ተቀምጣለች። ሽሮ ይዤላት ስወጣ «ቄሱ ተነሡ?» ነው የምትለኝ። ሌላ ነገር አትናገርም።

አንድ ቀን ደክሟት እንቅልፍ ወስዷታል፣ በሩም ገርበብ ብሏል። ሕፃኗ ነቅታ እያየችኝ ትስቃለች። ክትባቱ እታች ነው። እትዬ፣ እግሬ ሄደ። ወርጄ ሃዲልን «አሁን ነው፣ ሳትነቃ» አልኳት። ሃዲል እጄን ያዘችኝ። «ሰርቀን የከተብናት ልጅ እናት ሁለተኛ በር አትከፍትልንም፤ የሰማች ሴት ሁሉም አትከፍትልንም» አለች። «እኔም እፈራለሁ ኑኃሚን፣ ግን ልጅቱ የእሷ ናት።» ከዚያ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ገብታ ብቻዋን ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

የቀሲስን ወረቀት ለማስጨረስ ጀዋዛት የሄደችው በማግስቱ ነው። መኮንኑ «ሐኪም ለቄስ ቪዛ ምን ታደርጊበታለሽ?» ብሏት ሲስቅ «ያለ እሳቸው ክትባት የለኝም» አለችው። ወንበር ሳትቀመጥ ቆማ ዋለች። ማግኘቷን ስትነግረኝ ዘልዬ አቀፍኳት፤ ሙስተውሰፉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበልን።

ቦታ ብቻ ቸገረን። ቀሲስ የሚያጠምቁበት ሰፊና ንጹሕ ክፍል ያስፈልጋል፤ እታች በሽተኛ ይገባል፣ ሖሹ ለሁሉ ዓይን የተጋለጠ ነው። ለመጠየቅ እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

ኑኃሚን

ድሬዳዋ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑኃሚን፤

ክርስቶስ ተንሥአ። ይሄን የሚያደርሱልሽ ቀሲስ መክብብ ናቸው። ጀልባው ላይ እንዳያስመልሳቸው ሎሚ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ደርቆ ከሆነ ከዓደን ግዢላቸው።

ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው፣ ከመስቀላቸው ጋር አስሬዋለሁ። ክፍሌን ክፈቺ። አልጋውን ወደ ግድግዳ አስጠጊው፣ ምንጣፉን አንሺ። በመስኮቱ በኩል ያጥምቁ፣ ከዚያ ብርሃን ይገባል። ለክርስትናው ብቻ ነው። ሲያልቅ መልሰሽ ቆልፊው፣ ቁልፉንም በያህያ ላኪልኝ።

ኩፍኙን ስለደበቅሽኝ ተቆጥቻለሁ። ግን እኔም አንዳንድ ነገር ደብቄሻለሁ፣ ስለዚህ ተቻችለናል።

ጥላነሽን «እትዬ በጉልበቷ ተንበርክካ ለምናሻለች» በያት። መንበርከክ ባልችልም በያት።

ወለተ ጊዮርጊስ

ክሬተር
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

ምን ብዬ ልጀምር? ደስታ ነው፣ አይደንግጡ።

ቀሲስ ወደቡ ላይ ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ሃዲል በመኪናዋ ጠብቃ፣ ውኃ አጠጥታ፣ የደም ግፊታቸውን ለካች። «የዛሬ የመጀመሪያ በሽተኛዬ ሆኑ» አለቻቸው። ክፍልዎን ከፈትን። ሽታዎ እንዳለ ነው፤ በር ላይ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ አልጋውን አስጠጋሁት። ሴቶቹ ከየሰፈሩ ነጭ ለብሰው መጡ፤ ከተዋሂም ከሼክ ዑስማንም የመጡ ነበሩ። ሕፃናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ የወጡ ስለሆኑ ፀሐዩን እያዩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሻይማ እናት የጎረቤቶቿ ቀን ነው ብላ ኸሚር የሚሉትን ቂጣ ጠብሳ አመጣች። ሃዲል ብቻ አልወጣችም። ደረጃው ሥር ቆማ «ይሄ የናንተ ነው፤ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» አለች።

ቀሲስ አጥምቀው ሲጨርሱ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ እንዲህ አሉ፦ «ከእንግዲህ ሕፃን ታሞ፣ ወይ የክትባት ቀኑ ደርሶ፣ እኔን አትጠብቁ። መርፌ ከሜሮን በፊት ኃጢአት አይደለም። የዘገየሁት እኔ ነኝ፣ እናንተ አይደላችሁም።» ጥላነሽ ይሄን ስትሰማ መሬት ተቀምጣ አለቀሰች። ለመጀመሪያው ልጇ ነው ያለቀሰችው፣ እትዬ። ቀሲስ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ብዙ ቆዩ። ስትነሣ ፊቷ ሌላ ነበር።

ከዚያ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ደረጃው ሄደች። ልረዳት እጄን ስዘረጋ «ራሴ» አለችኝ። ወረደች። ሃዲል ዓይኗን መሬት ላይ ሰብራ ቆማለች። ጥላነሽ ነጠላውን ራሷ ገለጠችላት፤ «እያት» አለቻት፣ በዚያች በምታውቃት ዓረብኛ። ሃዲል ቀና አለች፣ አየቻት፣ «ማሻአላህ» ብላ ልትነካት ስትል እጇን መለሰች። ወደ ቀሲስ ዞራ ምን ብላ ጠየቀች መሰለዎት? «ቅባቱ ያልነካው ቦታ የት ነው? አልኮሌ እንዳያጠፋው።» እኔም ተረጎምኩላቸው። ቀሲስ ጎንበስ ብለው የሕፃኗ ጭን ላይ ቦታውን በጣታቸው አሳዩአት። እዚያው ወጋቻት። ልጅቱ ጮኸች፣ ጥላነሽ አብራ አለቀሰች፣ ከላይ ከደረጃው እስከ ታች የተሰለፉት ሴቶች እልልታውን ለቀቁት። የክሬተር ሰው ሠርግ መስሎት ከሱቁ ወጣ።

ያንለት ከላይ የወረደ ሕፃን ሁሉ እታች ሳይከተብ አልሄደም። የሻይማ ወንድምም ዓይኑ ድኗል።

ቀሲስ በየወቅቱ ሊመጡ ቃል ገብተዋል፤ ሃዲልም የክትባቱን ቀን ከእሳቸው መምጫ ጋር አስማምታለች።

የሕፃኗን ስም አልነገርኩዎትም። ለመጨረሻ ያቆየሁት አውቄ ነው። ቀሲስ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁ ጥላነሽ ሳታመነታ «ወለተ ጊዮርጊስ» አለች። ፈይሳም በሃዲል ፊትም ሆነ በሰው ፊት በሌላ ስም አይጠራትም።

አሁን የጠየቅኩዎትን ይመልሱልኝ። ስለ ጤንነትዎ ቀሲስን ስጠይቃቸው ስለ ባሕሩ ያወሩልኛል። ደግሜ ስጠይቃቸው ስለ ሎሚው። ክፍልዎን እንዳሉኝ ቆልፌዋለሁ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። በያህያ ልላከው ወይስ እርስዎ ይመጣሉ?

ልጅዎ ኑኃሚን

ድሬዳዋ
ሰኔ 2 ቀን 2017

ኑኃሚን፤

ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በግራ እጄ ነው። ቀኙ ከኅዳር ወዲህ አይታዘዘኝም፤ አንዱ ጎኔ እንዳለ ተኝቷል። መነጽር አልጠፋኝም። ባጃጁም ላይ ሔለን አቅፋኝ ነው የወጣሁት። ሐኪሙ ጉዞ የሚባል ነገር እርሺ ብሎኛል። ሔለንንም ቀሲስንም እንዳይነግሩሽ አስምያቸዋለሁ፣ እንዳትቀየሚያቸው።

ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ያልኩሽ ለራሴም ስል ነው። ክፍሉ ተቆልፎ ካለ የምመለስ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ስሜ እዚያ ደረጃ እየወጣ እየወረደ ነው። ሔለን ስታነብልኝ ሙሉ ሌሊት ደስ ብሎኝ አደርኩ። እኔ ወልጄ አላውቅም፣ ታውቂያለሽ።

ቁልፉን አትላኪልኝ። ለሃዲል ስጪያት፣ በእጇ፣ አክስቴ ናት የሰጠችሽ በያት። ክፍሉ የወላዶች ይሁን። አልጋዬ ጠንካራ ነው፣ ጋሼ ከህንድ ነጋዴ የገዛው ነው፣ እንዳትጥሉት፤ የመጀመሪያዋ ሴት እሱ ላይ ትተኛ። መስኮቱን ጠዋት ክፈቱላት፣ ከባሕሩ፣ ከሲራ በኩል ነፋስ ይገባል።

ትንሿን ሳሚልኝ። ደክሞኛል፣ ግራ እጅ ይህን ያህል ነው።

ወለተ ጊዮርጊስ፣ ትልቋ